በሰርጌ ቀን የወደቀው ፈረስ

ካዛንቺስ ወይም ኡራኤል አካባቢ የምትውሉ ከሆነ ወሬውን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ አስፋልት ላይ ተንበርክካ የፈረስ አንገት አቅፋ ስትጮህ የሚያሳየውን ቪዲዮም አይታችሁት ይሆናል። ከሥሩ የተጻፈውን አንብባችሁ ስቃችሁ ይሆናል። አልቀየማችሁም፤ ሌላ ሰው ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከመሃል ስለሆነ ዛሬ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰናይት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ እኔና አባቴ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ እናቴ ከዚያ በፊት አርፋለች። ሙያዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪዬን በፈረስ ጡንቻ ላይ እየሠራሁ ነበር። ሰው "የምን ጥናት ነው?" ብሎ ጠይቆኝ "የፈረስ ጡንቻ" ስል ስለሚስቅ፣ ማስረዳቱን በደንብ ለምጄዋለሁ።

የፈረስ ጡንቻ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ክሮች የተሠራ ነው። አንዳንዶቹ ክሮች ዝግተኞች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቢጎትቱ አይዝሉም። ሌሎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ስኳር አከማችተው ይቆዩና ባንዴ ጉልበት ይሰጣሉ፣ ቶሎም ይደክማሉ። ይህን የሚወስኑት ጂኖች ሁሉም ፈረስ ውስጥ አሉ። ልዩነቱ የትኛው ሥራ ላይ ነው፣ የትኛው ተኝቷል የሚለው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈረሱ እንደሚውልበት ሥራ፣ እንደሚበላውና እንደሚያርፈው ይለያያል። የኔ ጥናት ከጋሪ ፈረሶችና ቆመው ከሚቀለቡ ፈረሶች ዳሌ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሥጋ በመርፌ ወስዶ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ፣ የትኞቹ ጂኖች እንደነቁ ማየት ነበር።

ከጥናቱ ጎን ለጎን ደግሞ ከከተማ ወጣ እያልኩ ለጋሪ ነጂዎች ሥልጠና እሰጥ ነበር። ሁልጊዜ የምጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "እንስሳ የሚሰቃየው ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለማያውቅ ነው።" ይህን ከልቤ አምን ነበር። እምነቴም ሥራዬም እሱ ነበር።

ናሆምን ያወቅሁት በጓደኛዬ በኩል ነው። አርክቴክት ነው፤ የኮንስትራክሽን አማካሪ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ አስተናጋጅን እንኳን "ይቅርታ" ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። የምወደው ግን ስለሚያዳምጠኝ ነው። ስለ ጡንቻና ስለ ጂን ሳወራ ሌላው ሰው ስልኩን ያያል፤ ናሆም ጥያቄ ይጠይቃል። ለጥናቴ አቀራረብ ስላይዶቹን የሠራልኝ እሱ ነው። ካዛንቺስ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ላፕቶፑን በመሃላችን አድርገን ስንት ከሰዓት እንዳሳለፍን!

አንዱ ስላይድ ስለ አንድ በሽታ ነበር። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ቆሞ ገብስ ሲቀለብ የቆየ ፈረስ ድንገት ሥራ ላይ ሲወጣ፣ አንዳንዴ የኋላ ጡንቻዎቹ ይጨመደዳሉ፤ ከዚያ መላላት ያቅታቸዋል። ዳሌው ድንጋይ ይሆናል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። የተሰባበረው ጡንቻ ቀለም በደም በኩል ኩላሊት ውስጥ ይገባና ሽንቱ ጥቁር ሻይ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ፈረሱን ማስኬድ ማለት የተረፈውን ጡንቻ መጨፍጨፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ባለቤቶች የህመም ማስታገሻ መርፌ ወግተው እንደሚያሠሩት፣ የመርፌውን ስም ሳይቀር ለናሆም ነግሬው ነበር። መርፌው ህመሙን ይደብቃል፤ የታመመውን ኩላሊት ደግሞ ይጨርሰዋል።

ናሆም ይህን እንደሰማ ስላይዱ ላይ በትልቅ ቀይ ፊደል "እንዳይራመድ!" ብሎ ጻፈ።

"ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይቺን አይረሷትም" አለኝ።

ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ በመጣው እሁድ ነበር። ጾሙን ሙሉ ተይዞ የቆየው ሰርግ ሁሉ ባንዴ የሚለቀቅበት ጊዜ ነው፤ አዳራሽ፣ ዲጄ፣ ቬሎ፣ ሁሉም ሻሞ። ፊርማው አዳራሹ ውስጥ በእንግዶች ፊት እንዲሆን ናሆም ፈልጓል። እኔም አልተቃወምኩም።

ከሰንጋ ተራ በጥሩንባ ታጅበን ወጥተን ኡራኤል ስንደርስ መኪናው ጥግ ይዞ ቆመ። ናሆም ዓይኔን በእጁ ሸፈነና ከመኪና አወረደኝ። እጁን ሲያነሳ ፊት ለፊቴ በአበባ ያሸበረቀ ነጭ ሰረገላ ቆሟል። የሚጎትተው ፈረስ ከጆሮው እስከ ጭራው ነጭ ነው። ግንባሩ ላይ ላባ አስረውበታል።

"ላንቺ ከዚህ ሌላ ምን ይሰጣል?" አለኝ ናሆም።

አለቀስኩ። ሜካፑ እንዳይበላሽ ሚዜዬ በሶፍት ዓይኔን ስትጠርግ ትዝ ይለኛል።

ባለ ሰረገላው ጋሽ ተሾመ ይባላሉ። ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት ቀይ ኮት አልብሰዋቸዋል። ወደ ፈረሱ ቀረብ ስል አንገቱ ላይ ላብ አየሁ። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ቢሆንም ጠየቅኋቸው።

"ጋሽ ተሾመ፣ ስሙ ማነው? ደህና ነው?"

"ፕሪንስ ነው ስሙ" አሉኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ናሆም ዞር አሉ።

"ከኔ በላይ ደህና ነው" ብሎ ናሆም ሳቀ። "ነይ ውጪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ወጣን። አዳራሹ ካዛንቺስ ነው፤ ሩቅ አይደለም፣ መንገዱ ግን ወደ ላይ ያቀናል። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊታችን ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጻል። ድሮኑ ከላይ ይዞራል። ሚዜዎቹ በግራና በቀኝ እየጨፈሩ፣ አጃቢ መኪኖቹ ከኋላ ጥሩንባቸውን እያንባረቁ፣ ከየሕንፃው ሰው በመስኮት እጁን እያውለበለበልን። አባቴ ከኋላ ካለችው የመጀመሪያዋ መኪና ውስጥ ነበር።

ትንሽ እንደሄድን የፕሪንስ የኋላ እግሮች እርምጃ አጠረ። ጤነኛ ፈረስ ሲራመድ ዳሌው ይወዛወዛል። የፕሪንስ ዳሌ አይንቀሳቀስም፤ ሁለት ግንድ የሚጎትት ይመስላል። ከጭራው በታች ላቡ አረፋ ሠርቷል።

"ናሆም፣ አስቁመው።"

"ለምን?"

"ፈረሱ ታሟል።"

ለካሜራው ፈገግ እንዳለ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ "ሰኒ፣ ዛሬ ዶክተር አይደለሽም። ዛሬ ሙሽራ ነሽ" አለኝ።

"ጡንቻው እየተቆለፈ ነው። የኋላውን ተመልከት!"

"እያየሁት ነው። ትንሽ ነው የቀረን።"

ያኔ ፕሪንስ ራሱ ቆመ። ጋሽ ተሾመ ልጓሙን ነካ ነካ አደረጉ፤ አልሄደም። የኋላ እግሮቹን ከፍቶ ጨነቀውና ሸና። ሽንቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ጥቁር ነበር። ሚዜዎቹ ተሳሳቁ፣ አንዱ "ሙሽራውን እየመረቀ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም አጨበጨበ።

ቬሎዬን ሰብስቤ ከሰረገላው ዘለልኩ። ዳሌው ላይ እጄን ሳሳርፍ የነካሁት ሥጋ አይመስልም። ግድግዳ ነው። ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። ዓይኑ ነጩ እስኪታይ ተገልጧል፣ አፍንጫው እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል። ፈረስ ሲያመው እንደ ውሻ አይጮህም። ስለዚህ ሰው አያምነውም።

"ጋሽ ተሾመ፣ ይፍቱት! ከሰረገላው ያላቁት! አንድ እርምጃ መሄድ የለበትም!"

ጋሽ ተሾመ ከመቀመጫቸው ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደኔ አላዩም። ናሆምን ነው የሚያዩት።

"ጌታዬ፣ ጠዋት ነግሬዎታለሁ እኮ" አሉ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። "ምንድነው የነገሩት?"

"ተያቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ይቀባጥራሉ" አለ ናሆም።

"ምንድነው ጠዋት የነገሩት፣ ጋሽ ተሾመ?"

"እህቴ፣ እኔ እንጀራ ፍለጋ ነው" አሉ። "ጾሙን ሙሉ ሥራ የለም፣ ቆሞ ነው የከረመው። ገብሱን እየበላ። ጠዋት ከጋጣ ሳወጣው የኋላውን ገተረ፣ አልንቀሳቀስ አለ። ደወልኩላቸው። ሌላ ፈረስ አለኝ፣ ዳማ ነው፣ እሱን ላምጣ አልኳቸው። ነጭ ካልሆነ አይሆንም አሉኝ። ይሄን ይሄን መርፌ ከፋርማሲ ገዝተህ ውጋው፣ ለሰዓታት ይይዝልሃል ብለው ስሙን ፊደል በፊደል ነገሩኝ። እኔ መርፌውን የት አውቀዋለሁ?"

ወደ ናሆም ዞርኩ። ሰረገላው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ፊቱ ላይ ማፈርም መደንገጥም የለም። ሥራ ላይ ችግር ሲያጋጥመው የሚያሳየውን ፊት ነው ያየሁት፤ መፍትሔ የሚፈልግ ፊት።

"እውነቱን ነው?"

"ሰኒ፣ ሰው ፊት ነን።"

"ሽንቱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ነህ ስላይዱን የሠራኸው።"

"አውቃለሁ" አለ በዝግታ። "ስለማውቅ ነው መርፌውን ያልኩት። አንድ አጭር መንገድ ነው። አስልቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያርፍ ነበር፣ ከፈለግሽም አንቺ ታክሚው ነበር። ይሄን ሁሉ ያደረግኩት ላንቺ ነው እኮ! ፈረስ የምትወጂው አንቺ ነሽ!"

ከዚያ ወደ ጋሽ ተሾመ ዞረ። እሳቸው አባቱ ናቸው ብትባሉ ታምናላችሁ፤ እሱ ግን "አንተ ሰውዬ፣ ንዳው። የተከፈለህ ለመቆም አይደለም" አላቸው።

"ጌታዬ፣ ይወድቃል።"

"ንዳው አልኩህ!"

ጋሽ ተሾመ አለንጋውን አነሱ። ልጓሙን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። "ጋሽ ተሾመ፣ በእናትዎ" አልኳቸው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ያኔ አንደኛው ሚዜ ከኋላ መጥቶ አለንጋውን ከእጃቸው ነጠቀና የፈረሱን ዳሌ፣ ያንን ድንጋይ የሆነውን ዳሌ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ገረፈው።

ፕሪንስ ወደፊት ተወረወረ። አንድ ዝላይ ብቻ ነው። የኋላ እግሮቹ ከዱትና እንደ ውሻ ቁጭ አለ፤ ከዚያ በጎኑ ተደፋ። የሰረገላው አግዳሚ ተሰበረ። እኔንም ልጓሙ ጎትቶ በጉልበቴ ጣለኝ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ከመኪና ጥሩንባው በላይ የሚሰማኝ የሰው ሳቅ ነበር። "ጆሮውን ንከሱት ይነሳል" የሚል አለ። "ውኃ አፍስሱበት" የሚል አለ። አንዱ የሠርገኛ ልብስ የለበሰ ወጣት ሆዱን በጫማው ጫፍ ረገጥ አድርጎ ዞሮ ለጓደኛው ካሜራ ፈገግ አለ። ፕሪንስ ለመነሳት ይሞክራል። በፊት እግሮቹ አስፋልቱን ይቧጥጣል፣ አንገቱን ያነሳል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ መሬት ላይ ይመታል። በተነሳ ቁጥር ሰው "ኦኦኦ!" ይላል፣ ሲወድቅ ይስቃል። እንዳይነሳ አንገቱ ላይ ተኛሁበት። የላባ ጌጡ እዚያው ግንባሩ ላይ ነበር።

አባቴ መጣ። እፎይ አልኩ፤ አባቴ ጠንካራ ሰው ነው።

"ተነሺ" አለኝ።

"አባዬ፣ ፈረሱ—"

"ሰው ሁሉ እያየሽ ነው። እናትሽ ይሄን ሳታይ መሞቷ ተመስገን ነው። ተነሽና መኪና ውስጥ ግቢ።"

የናሆም እናት ከሌላ መኪና ወርደው መጡ። ቬሎዬን አዩት፤ ከወገቤ በታች አቧራ፣ ላብና ያ ጥቁር ሽንት። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ልጄ ይቺን ነው የሚያገባው?" ብለው ለማንም ያልሆነ፣ ሁሉም የሚሰማው ጥያቄ ጠየቁ።

ስልኬ ሚዜዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አቀበለችኝና ለሐያት ደወልኩ። ሐያት አብራኝ የተማረች ሐኪም ናት፤ ያን ዕለት ክሊኒክ ተረኛ ስለነበረች ማታ ለራት ነበር የምትመጣው።

"ሐያቴ፣ ማስተኛ መድኃኒቱን፣ የመጨረሻውን፣ ይዘሽ ነይ። ፈረስ ነው።"

"ዛሬ? ሰርግሽ አይደለም እንዴ?"

"እባክሽ ነይ።"

ትራፊክ ፖሊሱ ከሐያት ቀድሞ ደረሰ። ከኋላችን መንገዱ እስከ ታች ተዘግቷል። "ባስቸኳይ ይነሳልኝ" አለ። ናሆም ከሰረገላው ወርዶ ስልኩን ይዞ ዘወር አለ። ሰማሁት፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ረጋ ያለ ነው። "ወንድሜ፣ ሳይቱ ላይ ሎደር አለህ አይደል? አንዴ ላክልኝ፣ የሚጎተት ነገር አለ" አለ።

የሚጎተት ነገር።

ሎደሩ ሲመጣ ሰው መንገድ ከፈተለት። ሾፌሩ ወርዶ ፈረሱን አየና "ይሄ እኮ አልሞተም" አለ።

"እየሞተ ነው" አለ ናሆም። "ዳር አውጣው ብቻ።"

"ናሆም፣ ተው" አልኩት። ያን ጊዜ እየለመንኩት ነበር። በእርጋታ አልነበረም፤ ፈረሱን እንዳቀፍኩ እግሩ ሥር ነበርኩ። "ሐያት መንገድ ላይ ናት። መርፌ ትወጋዋለች፣ ይተኛል፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ትንሽ ብቻ ጠብቅ። ይሰማዋል እኮ። ሁሉም ይሰማዋል።"

ወደኔ ጎንበስ አለ። ፊቴ ላይ የወረደውን ፀጉር በጣቱ ወደ ጆሮዬ ጀርባ መለሰልኝ። "ስንት እንግዳ እየጠበቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

የኋላ እግሮቹን በሰንሰለት አሰሩት። ሁለት ሚዜዎች እኔን ከአንገቱ ላይ አላቀቁኝ። ሎደሩ ሲነሳ ፕሪንስ ጮኸ፤ ፈረስ ድምፅ እንደማያወጣ የምታስቡ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ እኔም እስከዚያ ቀን የተሳሳትኩ መሆኔን አላወቅሁም። አስፋልቱ ላይ የጎኑ ነጭ ፀጉር፣ ከዚያ ቆዳው ቀረ። የሳቁት ሁሉ ዝም አሉ። ስልካቸውን ግን አላወረዱም።

ከመንገዱ ዳር፣ አዲስ ከተተከሉት አበቦች አጠገብ ተዉት። መንገዱ ተከፈተ። መኪኖቹ እኛን እያዩ ማለፍ ጀመሩ።

ናሆም ሌላ መኪና አስቀርቦ በሩን ከፈተልኝ። "አዳራሹ ውስጥ መታጠቢያ አለ። እህቴ ቀሚስ ታመጣልሻለች። ግቢ" አለኝ።

"አልገባም።"

"ሰናይት፣ ለአንድ ፈረስ ብለሽ?"

ለፈረሱ ብቻ እንዳልሆነ ውስጤ ያውቀዋል። የእጮኝነት ቀለበቴን አውልቄ የመኪናው ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ወደ ፕሪንስ ተመለስኩ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። አጃቢዎቹ ሁሉ ተከትለውት ሄዱ። አባቴም ሄደ፤ "ሰው አላገባሽም፣ ፈረስ ነው ያገባሽው" ብሎኝ። እንግዶቹ ምግቡ እንዳይበላሽ በልተው እንደተበተኑ በኋላ ሰማሁ።

ከኔ ጋር የቀሩት ጋሽ ተሾመ ብቻ ነበሩ። ቀዩን ኮት አውልቀው የፈረሱን ዓይን ከፀሐይ ከለሉለት።

"በውርንጭላነቱ ነው የገዛሁት" አሉኝ።

ሐያት በሞተር ደረሰች። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ተንበረከከችና የአንገቱን ደም ሥር ፈለገች። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። መድኃኒቱ ሲገባ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ያ ድንጋይ የሆነ ዳሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። ሐያት ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ አዳመጠችና ልቡ መቆሙን ነገረችኝ።

ዓይኔን ሳታይ "ናሙና መውሰጃውን ይዤ ነበር የወጣሁት። ናይትሮጅኑም አለ። ... ካልፈለግሽ እንተወው" አለችኝ።

እንዲህ ዓይነት ናሙና በሽታው ላይ ካለ ፈረስ ማግኘት ስንት ጊዜ ተመኝቼ አላገኘሁም ነበር። መርፌውን ከእጇ ወሰድኩ። ጋሽ ተሾመን አስፈቀድኳቸው፤ "ምን ቀረው ብለሽ" አሉኝ። በቬሎ ተንበርክኬ ከዳሌው ላይ ወሰድኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያም ራሱ አስፈራኝ።

ውጤቱ ሲመጣ አማካሪዬ "ይሄ ወርቅ ነው!" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈጣኖቹ ክሮች ተበጣጥሰዋል፤ ዝግተኞቹ አብዛኞቹ ተርፈዋል። ሴል ሲጨነቅ የሚነቁት ጂኖች ሁሉ ነቅተው ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ ጡንቻው ራሱን ለመጠገን እየሞከረ ነበር ማለት ነው። ተመረቅሁ። ያንን ስላይድ ግን ከአቀራረቤ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙ አላወራችሁም። "የፈረሱ ሙሽራ" የሚል ስም ወጣልኝ። ታክሲ ውስጥ ሰው ፊቴን አይቶ ስልኩን ሲያወጣ እወርዳለሁ። አባቴ ለረጅም ጊዜ ሳያናግረኝ አንድ ቤት ውስጥ ኖርን፤ አሁንም የሚያናግረኝ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ጋሽ ተሾመ ሰረገላውን ሸጠው ሄዱ።

እናንተ አንባቢዎቼ "እንኳን ቀድመሽ አወቅሽው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ብሎኛል። እኔን የለወጠኝ ግን ከጋብቻ ማምለጤ አይደለም። ሥልጠናውን አሁንም እሰጣለሁ፤ ያቺን የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ግን ማለት አልቻልኩም። ያን ቀን መንገድ ላይ ከነበርነው ሁሉ ፈረሱ ምን እንደሚሰማው ያወቅነው ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላው ከኔ ተምሮ፣ ገብቶት፣ አስልቶ ያደረገው ሰው ነው። ያላወቁት ሳቁ፤ ያወቀው ሎደር ጠራ። እውቀት ሰውን ያራራዋል ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ እምነታችሁን አልነጥቃችሁም። እኔ ግን አሁን ሰው ሲያዳምጠኝ ደስ ከመሰኘቴ በፊት ለምን እንደሚያዳምጠኝ አስባለሁ። ጥሩ ኑሮ አይደለም ይሄ። ግን የኔ ነው።

ባለፈው ጊዜ ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፌ ሳለ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። ናሆም ነው። ላድርስሽ አለኝ፤ እምቢ ስለው መኪናውን አቁሞ ወርዶ ሰልፉ ላይ ከጎኔ ቆመ። ከስቷል። ድምፁ ያው ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" አለኝ። "ፈረሱ ያን ቀን እንደምንም አዳራሹ ድረስ ቢደርስ ኖሮ፣ ስለ መርፌው ታውቂ ነበር?"

አሰብኩበት። "አላውቅም ነበር።"

"ትፈርሚ ነበር?"

"እፈርም ነበር።"

"ደስተኛ እንሆን ነበር?"

ሰልፉ ወደፊት ተጠጋ። መዋሸት እችል ነበር። "አዎ" አልኩት። "በጣም ደስተኛ እንሆን ነበር።"

ፊቱ በራ። የረጅም ጊዜ ክርክር የረታ ሰው መሰለ።

"አየሽ?" አለኝ።